በሸረሪቷ ዐይን ውስጥ የነበረው ቆሻሻ

(ቦንጋ ከተማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ «ደምመላሽ ዓለም አቀፍ ፎቶ» በተባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ በሚቆምባት ክፍል፤ ደምመላሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ በመጋቢት የሞተው የጓደኛው የመምህር ጥላዬ ሚስት እታፈራሁ ጥቁር ለብሳ አጠገቡ ቆማለች።)

ደምመላሽ፦ በመድኃኔዓለም እምልልሻለሁ እታፈራሁ፤ ከምነግርሽ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘች ይሄ ኮምፒውተር እፊትሽ ይጥፋ።

እታፈራሁ፦ ስገባም ጠፍቶ ነበር።

ደምመላሽ፦ መብራት ሄዶ ነው። መብራት ሲሄድ አይቆጠርም።

እታፈራሁ፦ እኔ ለወሬው አልመጣሁም፣ ጋሼ። ፎቶውን ልወስድ ነው። ከካሜራው እንደወጣ፣ እጅዎ ሳይነካው የነበረውን።

ደምመላሽ፦ ፎቶውማ ያውልሽ ግድግዳውን ተደግፎ። ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል። ጅማ ድረስ ወስጄ ነው ያሳተምኩት። ማሽኑ የመጀመሪያውን እግሯን ሲያወጣ ሠራተኞቹ ወንበር ላይ ወጡ፤ ስምንተኛው ሲወጣ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው አልቀረም። አንዷማ እስከዛሬ ሥራ አልገባችም አሉ።

እታፈራሁ፦ እሱን አየሁት። እሱ የእርስዎ ነው።

ደምመላሽ፦ የእኔና የጥላዬ በይ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሰቀል የሁለታችንም ስም ከሥሩ አለ። የሱ ከላይ፣ የእኔ ከታች። በርግጥ የእኔ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ከታች ያለ ስም ካልወፈረ አይነበብም። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ስለ መምህር ጥላዬ ከእርስዎ በቀር ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል አለኝ። እንቢ ስለው እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር። ተማሪው፣ ወላጁ፣ የወረዳው ሰው ሁሉ ይመጣል። ቦታ ያጣ በመስኮት ተንጠልጥሎ ነው የሚሰማኝ።

እታፈራሁ፦ ያልተነካውን ይስጡኝና ልሂድ።

ደምመላሽ፦ ያልተነካው ምን ያደርግልሻል? አንቺ እኮ አላየሽውም። ያልተነካችው ሸረሪት ፊቷን ሳትታጠብ የመጣች ናት። በዚህ ከተማ በእኔ እጅ ሳያልፍ ያገባ ሰው አለ? ብጉር አጥፍቻለሁ፣ ጥርስ አንጥቻለሁ። አንዱ በራ ላይ ጸጉር ብተክልበት አማቱ ፎቶውን አይታ «ልጄን ለማን ነው የዳርኳት?» ብላ ሽማግሌ ሰብስባለች። ለሰው ያልሰሰትኩትን ለሸረሪት እሰስታለሁ?

እታፈራሁ፦ ጥላዬ አይንካብኝ ይልዎት ነበር።

ደምመላሽ፦ እሱማ ስንት ዘመን ተጨቃጨቅን። አንድ ጊዜ ንብ አንስቶ አመጣልኝ፤ ሰውነቷ በሙሉ ቢጫ የአበባ ብናኝ። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምኩላት። ለእሑድ ቅዳሴ የምትሄድ አስመሰልኳት። መጥቶ አየና፣ «ደሜ፣ ከሥራ የመጣችን ሴት አጥበህ ሥራ ፈት አደረግካት» አለኝ። ፌንጣውስ? አንድ እግሩ ጎድሎት ነበር፤ ከሌላ ፌንጣ ወስጄ ቀጠልኩለት። ከወፍ አፍ አምልጦ ነው እግሩን ያጣው፣ ታሪኩን ቆረጥክበት ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። የሞተ ተጎዳ እንጂ፣ አሁን ቢያየኝ…

እታፈራሁ፦ ቢያይዎት?

ደምመላሽ፦ ቢያየኝ ይኮራ ነበር። ከአርባ ፎቶ አንዲት ሸረሪት ሰፍቼለታለሁ። ይሄን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ፍጥረት ከቅርብ ሲነሳ ዐይኗ ጥርት ሲል እግሯ ይደበዝዛል፣ እግሯ ጥርት ሲል ዐይኗ ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን በጸጉር ስንጣቂ ገፋ እያደረጉ አርባ ጊዜ ያነሳሉ። እኔ ደግሞ ከእያንዳንዱ የጠራውን ቆርጬ እሰፋዋለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ናይሮቢ ይሄን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው አሉ፤ ሁለቱ በስልክ እኔን ይጠይቃሉ።

እታፈራሁ፦ እነዚያን አርባዎቹን ነው የምፈልገው።

ደምመላሽ፦ አንቺ ልጅ፣ እስኪ ተቀመጪ። ቆመሽ ሰው ታስጨንቂያለሽ። ታሪኩን ሳትሰሚ ፎቶውን ብትወስጂ ባዶ ሸረሪት ነው የምትወስጂው። አዳራሽ ውስጥ የምናገረውን አንቺ አስቀድመሽ ስሚ፤ ከሕዝቡ ጋር አብረሽ ብትሰሚው ትወድቂብኛለሽ።

እታፈራሁ፦ አልወድቅም። ይንገሩኝ።

ደምመላሽ፦ ወሩ የካቲት ነው፣ አጋማሹ ላይ። ጥላዬ በዚህ በር ገባ። «ደሜ፣ ጫካው ውስጥ አንዲት ሸረሪት አለች፤ ካላንተ አትነሳም» አለኝ። በዚያ ሳምንት አራት ሠርግ ነበረብኝ፤ አራቱንም ሰረዝኩ። ሙሽሮቹ አለቀሱ። ሄድን። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት። የመጀመሪያው ቀን ጉንዳን በላን፤ በሁለተኛው ቀን ጉንዳኑ ጠግቦ ተወን። ሸረሪቷን አገኘናት። ጫጩት ታህላለች።

እታፈራሁ፦ ጫጩት።

ደምመላሽ፦ ገና ከዕንቁላል የወጣች ጫጩት፤ አላጋነንኩም። ከነዚያ ድር ከማያደሩት ናት፣ እየዘለለች ነው የምታድነው። መሃል ግንባሯ ላይ እንደ መኪና መብራት የፈጠጡ ሁለት ዐይኖች። እኔ በደረቴ ተኝቼ ነጩን ሰሌዳ ይዤ ብርሃን እመልስላታለሁ፤ ጥላዬ ቆሞ ያነሳል። ሦስተኛው ቀን ደረቴ ደነዘዘና አንድ ትልቅ ጉቶ ተደግፌ ጋደም አልኩ፣ ሰሌዳውን ግን አለቀቅኩም። እሱ ይስቃል። «ደሜ፣ አንተና ሸረሪቷ ማን ቀድሞ እንደሚዝል እናያለን» ይለኛል። ከድንጋይ ድንጋይ እንደ ሚዳቋ ይዘል ነበር።

እታፈራሁ፦ ይዘል ነበር?

ደምመላሽ፦ እንደ ሚዳቋ።

እታፈራሁ፦ በየካቲት።

ደምመላሽ፦ በየካቲት። ያው… በሽታው የጠናበት ከዚያ በኋላ ነው።

እታፈራሁ፦ እሺ።

ደምመላሽ፦ ምነው?

እታፈራሁ፦ ምንም። ይቀጥሉ።

ደምመላሽ፦ እንባሽን አትያዢ ደግሞ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ልቅሶ ላይም አላለቀስሽም ብለው ሴቶቹ ሲያሙሽ፣ እኔ ነኝ ተነስቼ አፋቸውን ያስያዝኩት።

እታፈራሁ፦ አልያዝኩትም። የለም። ጥርስ ሲነቀል መርፌ ወግተውዎት ያውቃሉ? ከዚያ በኋላ ጉንጭ እንደሚሆነው ነው። ቢነክሱትም አይታወቅም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጎረቤት ሲመጣ ወንበር አወጣለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ተነሳሁና ፎቶውን ልየው አልኩ። ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ደምመላሽ፦ ይኸውልሽ እዪው እንግዲህ። ብርሃኑ ሲመጣበት እዪው። ጸጉሯን አበጥሬላታለሁ። የተቀመጠችበት ቅጠል ክር ክር የሚል፣ የተንጨፈረረ ነገር ነበረበት፤ አለስልሼ የኮባ ቅጠል አስመሰልኩት። የምን ቅጠል እንደሆነ ግራ የገባኝ እሱ ብቻ ነው።

እታፈራሁ፦ ዐይኗ ውስጥ የነበረውስ?

ደምመላሽ፦ የቱ?

እታፈራሁ፦ በትልልቆቹ በሁለቱ ውስጥ። ነጭ አራት ማዕዘን፣ ከፊቱ ጥቁር ጥቁር ነገር።

ደምመላሽ፦ እሱ ቆሻሻ ነበር። እሱን ያየሽው እንዴት ነው? የስፌት መርፌ ጫፍ አያህልም። እሱን ጠርጌ አወጣሁትና ከወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ የሠርግ ፎቶ ላይ የሙሽራዋን የዐይን ብልጭታ ወስጄ ተከልኩባት። አሁን ሸረሪቷን ያየ ሁሉ ፍቅር ይይዘዋል።

እታፈራሁ፦ ጥላዬ ነበር።

ደምመላሽ፦ ማን?

እታፈራሁ፦ ዐይኗ ውስጥ የነበረው። ዐይኗ እንደ መስታወት ነው፣ ከፊቷ ያለውን ያሳያል። የተነሳ ቀን ካሜራው ላይ አጉልቶ አሳየኝ። «ተመልከች፣ እዚህ ገብቻለሁ» አለኝ። ሌላ ፎቶ የለኝም፣ ጋሼ። የንቡን የፌንጣውን ፎቶ እያነሳ ኖረ፤ እሱን ያነሳው የለም። ከታመመ በኋላማ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የመታወቂያው አለች፣ እሷ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሠርጋችን አለ፣ የእርስዎ ሥራ። ግንባሩ ላይ የነበረችውን ጠባሳ አጥፍተውለታል። ቆንጆ ሰው ነው፤ ግን አላውቀውም።

ደምመላሽ፦ ጠባሳዋ እኮ… በጊዜው ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚፈልገው።

እታፈራሁ፦ አልወቀስኩም። አርባዎቹን ይክፈቱልኝ፣ አንዱ ላይ ይኖራል።

ደምመላሽ፦ አለ። እንዴት አይኖርም? በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ የጠፋ ነገር የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገቡ ሲጠፋው እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ቆይ… እዚህ ፎልደር ውስጥ… ይሄ የወይዘሮ ደብሪቱ ሠርግ ነው። ይሄ ክርስትና። ይሄም ክርስትና። «ሸረሪት»፣ ያውልሽ።

እታፈራሁ፦ አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለው።

ደምመላሽ፦ ይቺ የተሰፋችው ናት።

እታፈራሁ፦ ከመጽዳቷ በፊት ያለችውስ?

ደምመላሽ፦ እሷ ላይ ነው… ሴቭ ያደረግኩት። እላይዋ ላይ። እጄ ለምዶ ነው። የሙሽራ ፎቶ ላይ ማን ብጉሩን መልስልኝ ብሎ ያውቃል?

እታፈራሁ፦ አርባዎቹስ?

ደምመላሽ፦ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ቁርጥራጩን ማን ያስቀምጣል፣ እታፈራሁ?

እታፈራሁ፦ አጠፏቸው።

ደምመላሽ፦ ማጥፋት ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ ሞላ። ሠርግ በሠርግ ላይ መጣ። ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያም ደመሰስኳቸው፣ ቦታ ያዙ።

እታፈራሁ፦ በአርባ ቀን ተዝካሩ የሰጠሁዎት ሚሞሪ አለ። የካሜራው።

ደምመላሽ፦ እሱ ላይ የወይዘሮ ደብሪቱን ልጅ ሠርግ ነው ያነሳሁት። ፎርማት አድርጌ፣ የነበረበትን ሁሉ አጥፍቼ።

እታፈራሁ፦ እሺ።

ደምመላሽ፦ እሺ አትበይኝ። ስደቢኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ በይኝ፣ ይገባኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ኮምፒውተር አንስቶ በራሴ ላይ ይሰብረው ነበር።

እታፈራሁ፦ ስድብም አይመጣልኝ፣ እንባም የለም አልኩዎት እኮ። ልሂድ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ይጠብቅዎታል።

ደምመላሽ፦ ቁሚ። ቁሚ እንጂ። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው የሰፋሁት።

እታፈራሁ፦ አርባ አላሉም?

ደምመላሽ፦ አርባ እላለሁ እንጂ። ሁሌም አርባ ነው የምለው፣ ክብ ነገር ጆሮ ይይዛል። ሠላሳ ዘጠኝ ነው የሰፋሁት፣ አንዷ ተበላሽታ ነበር። ሸረሪቷ በሙሉ ጭጋግ፣ እግር የላት ዐይን የላት። ካሜራው ከዐይኗ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የያዘው። እሷን አልጣልኳትም።

እታፈራሁ፦ ለምን?

ደምመላሽ፦ ደንበኛ «ፎቶህ አልጠራም» ብሎ ሲጨቃጨቀኝ፣ ያልጠራ ፎቶ ምን እንደሚመስል የማሳየው አለኝ። «የተበላሹ» የሚል ፎልደር ነው። በዚህ ከተማ የእኔን ያህል የተበላሸ ፎቶ በሥርዓት ያስቀመጠ ሰው አይገኝም። ቆይ ብቻ። እዚህ ነች… ሃያ ሦስተኛዋ። ይቺውና። አየሽ ጭጋጉን?

እታፈራሁ፦ ዐይኗን ያጉሉት።

ደምመላሽ፦ ዙም ላድርገው። የዐይኗ ጠርዝ ጨርሶ የለም፣ ውስጡ ግን… ቆይ፣ ውስጡ ግን ጥርት ብሏል። አንቺ ልጅ።

እታፈራሁ፦ ይጨምሩት።

ደምመላሽ፦ ይኸው። ነጩ አራት ማዕዘን። በዛፎቹ መሃል የገባ የፀሐይ ብርሃን መሆን አለበት፤ ያ ጫካ ብርሃኑ እንደዚያ ነው የሚገባው፣ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ከፊቱ የቆመ ሰው፣ ካሜራ የያዘ።

እታፈራሁ፦ አዎ።

ደምመላሽ፦ ጥላዬ! አገኘሁልሽ። በአፍሪካ ምድር ከሸረሪት ዐይን ውስጥ ሰው ያወጣ እኔ ብቻ ነኝ። ፊቱ በካሜራው ተሸፍኗል እንጂ ቁመናው እኮ ራሱ ነው። ይሄንን ነው አሁን አዳራሽ የምወስደው።

እታፈራሁ፦ ከኋላ ያለው ሰውስ? ዝቅ ብሎ ያለው?

ደምመላሽ፦ የታል? አየሁት። እታፈራሁ፣ ይሄ… ይሄ እኮ እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! ጉቶ ተደግፌ ጋደም አልኩ አላልኩሽም? ያውና ተጋድሜ። ጉቶው ራሱ ከጀርባዬ ይታያል፣ ነጣ ያለው። ፊቴን ወደ ሸረሪቷ አዙሬ… ከስቼ ነበር በዚያ ሰሞን፣ ጉንዳኑ ነው። ሰው ሁሉ ደምመላሽ ያጋንናል ይላል፤ ይኸው ሸረሪቷ ራሷ መሰከረችልኝ። ከጎኑ ነበርኩ። አየሽ? ሦስቱንም ቀን ከጎኑ ነበርኩ።

እታፈራሁ፦ ግንባሩን ያጉሉት።

ደምመላሽ፦ የማንን፣ የእኔን?

እታፈራሁ፦ የተጋደመውን ሰው።

ደምመላሽ፦ …ይቺ ምንድን ናት? መስመር ነገር። ቆሻሻ ናት መሰለኝ፣ አሁን በአንድ ጊዜ…

እታፈራሁ፦ አይንኩት። እጅዎን ያንሱ፣ ጋሼ። ጠባሳው ነው።

ደምመላሽ፦ የጥላዬ? ታዲያ የቆመው ማን ነው?

እታፈራሁ፦ የቆምኩት እኔ ነኝ። ካሜራውን መያዝ ስላቃተው «አንቺ አንሺ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። ነጩ የመኝታ ቤታችን መስኮት ነው። ሸረሪቷ ቁም ሳጥኑ ላይ ከተሰቀለው አረንጓዴ ሹራቡ ላይ ነበረች፤ ያለሰለሱት ክር የሹራቡ ነው። የትንሿን ጣት ጥፍር አታህልም። ያን ቀን ጠዋት ባትሪ ልዋስ እዚህ መጥቼ ነበር። የሙሽራ ጥርስ እያነጡ ነበር፤ ባትሪውን በክርንዎ ገፋ አደረጉልኝና ቀና ሳይሉ «ከሰዓት ብቅ ብዬ እጠይቀዋለሁ በይው» አሉኝ። ሄጄ ነገርኩት። ያ ከጀርባው ያለው ጉቶ አይደለም፣ ትራስ ነው፤ ደሜ ሲመጣ ተኝቼ እንዳያገኘኝ ብሎ ከፍ አስደረገኝ።